ዜሮ ይዤ ድሬዳዋ ወረድኩ

ድሬዳዋን አይተው ለማያውቁ፣ ምናልባትም መቼም ለማያዩ፣ ያን ጉዞዬን እንደ ሆነው ልጽፈው ተቀምጫለሁ። የከተማዋን ውበት የሚጠብቅ አንባቢ ቅር ሳይለው አይቀርም። እኔ ድሬዳዋ የወረድኩት ለሽርሽር ሳይሆን ከአንድ የሳሙና ፋብሪካ ስም ፊት ለፊት የተጻፈ ዜሮ ለማስቀየር ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሶማሌው ጦርነት በኋላ የጅቡቲ ሐዲድ ተጠግኖ ባቡር እንደገና መመላለስ ጀምሯል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ፤ የተማርኩት ሒሳብ ነው። ሥራችን እንዲህ ነበር፦ ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ከጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ ሞራ ከሌላ አገር ተጭኖ፣ በመርከብ ጅቡቲ ወይም አሰብ ይገባል። ከዚያ በባቡር ወይም በከባድ መኪና አገር ውስጥ ላሉት ሦስት የሳሙና ፋብሪካዎች ይከፋፈላል። ያለን የውጭ ምንዛሪ ለሦስቱ አይበቃም። እንግዲህ የትኛው ፋብሪካ ምን ያህል ቢደርሰው ነው አገሪቱ ብዙ ሳሙና የምታገኘው? የመርከቡን ኪራይ፣ የመንገዱን ርዝመት፣ ዕቃው መንገድ ላይ የሚቆይበትን ቀን፣ የማሽኖቹን አቅም ሁሉ እኩልታ አድርገን ለኮምፒዩተር እንሰጠዋለን፤ እሱ የተሻለውን አከፋፈል ይመርጣል። ይህንን ነው ሞዴል የምንለው።

ሞዴሉ ለአዲስ አበባው ፋብሪካ ሰጠ፣ ለሰሜኑ ሰጠ፣ ለድሬዳዋው ዜሮ አለ። ዜሮ ማለት ማሽኑ ተፈትቶ ወደ ሌላው ይወሰዳል፣ ሠራተኛውም ይበተናል ማለት ነው።

ዜሮው ከየት እንደ መጣ ጠርጥሬ ነበር። ከወደብ እስከ ድሬዳዋ ዕቃ ይፈጃል ተብሎ የገባው ጊዜ፣ ሐዲዱ በተቆረጠበት በጦርነቱ ዓመት የተመዘገበ ነበር። ይህንን ለኃላፊያችን ለጓድ ግርማ ነገርኳቸው።

«የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሁሉ ዕቃ ቶሎ ይደርሰኛል ይላል፤ በወሬ ቁጥር አይቀየርም» አሉኝ። «ሶዳ የጫነ አንድ ፉርጎ ከጅቡቲ እየመጣላቸው ነው። ሂድና መቼ እንደ ተነሣ፣ መቼ እንደ ደረሰ በዓይንህ አይተህ ና። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ዕቅዱ ይጸድቃል። ከዚያ በኋላ ብትመጣ ምንም አላደርግልህም።»

የመጀመሪያው ቀን

ከለገሃር የተነሣነው በዝናብ ነው። እናቴ «በረሃ ነው» ብላ ያጠበችልኝን ስስ ሸሚዝ ገመድ ላይ ረስቼ ካፖርቴን ለብሼ ወጥቻለሁ። ናዝሬት ስንደርስ ካፖርቱን አወለቅሁ፣ መተሐራ ላይ ሹራቡን። አዋሽ ጣቢያ ምሳ ለመብላት ስንወርድ የማወልቀው አልቀረኝም። እኛ ጉለሌ ፀሐይ ስትወጣ ሰው በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ እዚህ ግን ሰው፣ ፍየሉም ውሻውም፣ የግንብ ጥላ ተጠግቶ በተርታ ቆሟል።

ሚኤሶን እንዳለፍን ባቡሩ ቆመ። ምክንያቱን የነገረን አልነበረም። እየተነሣሁ በመስኮት አያለሁ፣ እንደገና እቀመጣለሁ። የቆምንበት እያንዳንዱ ሰዓት ለጓድ ግርማ ጥርጣሬ ማስረጃ ሆኖ ታየኝ። ከፊቴ የተቀመጡ ወደ ኤረር የሚሄዱ አዛውንት ነበሩ።

«ልጄ፣ ቁጭ በል። አንተ ስለ ቆምክ እሱ አይሄድም» አሉኝና ሐብሐብ ቆርጠው ሰጡኝ። ሐብሐቡ ሞቋል፤ ቢሆንም እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

ድሬዳዋ የገባነው ከመሸ ነው። ጣቢያው በር ላይ ቀጠን ያለ፣ ሸበቶው ገና ጆሮው ግንድ ላይ የጀመረ ሰው ቀረበኝ።

«ደረጀ አንተ ነህ? ጀማል እባላለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ፤ አቦ፣ እንዴት ቆያችሁ!»

ጀማል የፋብሪካው ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ ነው። ቡልጋሪያ ኬሚስትሪ ተምሮ የተመለሰ የከተማው ልጅ ነው፤ አባቱ ሐረሪ፣ እናቱ ኦሮሞ። በመጀመሪያ ሰላምታ «አንተ» ማለቱ አስደነገጠኝ። እኛ ጋ ሥራ አስኪያጅና ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ እንግዳ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት «እርስዎ» ይባባላሉ። ድሬ ግን ሕፃኑም ሽማግሌውን «አንተ» ነው የሚለው፤ በማግስቱ እኔም ለመድሁት።

ከዚራ በሚባለው ሰፈር ወደ ተያዘልኝ ሆቴል ሄድን። ክፍሌ ለስብሰባ ለመጡ እንግዶች ተሰጥቷል። እንግዳ ተቀባዩ ይቅርታ ሲጠይቅ ጀማል ሻንጣዬን አንሥቶ ወጣ። «ተወው፣ ቤት አለ» አለኝ።

ቤቱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ነው። ውሃ የሌለበትን የወንዙን አሸዋ ልክ እንደ አስፋልት በጋሪ ተሻገርነው። ሚስቱ ሐሊማ ሶማልኛ ተናጋሪ ናት፤ በፊት የጨርቅ ሱቅ ነበራት፣ አሁን ቤት ናት። ሩዝ በሥጋ ከጎኑ ሙዝ አድርጋ አቀረበች። እኛ ቤት ሙዝ የሚገዛው ሰው ሲታመም ነው፤ ከሩዝ ጋር እንዴት እንደሚበላ ግራ ሲገባኝ አይታ ሳቀች። ከዚያ ተቀመጠችና «እና ሳሙና አመጣህልን?» አለችኝ።

«ሐሊማ፣ ሰውዬው ይብላ መጀመሪያ» አላት ጀማል።

ሙዙን መላጥ ጀመርኩ። ጀማል ስለ ዜሮው ገና አያውቅም።

ሁለተኛው ቀን

አልጋዬ የተነጠፈው ግቢ ውስጥ ነበር፤ በሙቀቱ ሰው ሁሉ ደጅ ነው የሚያድረው። ጠዋት ሐሊማ ፈጢራ ከማር ጋር ሰጠችኝ፤ እንቁላል ያለበት ቀጭን ቂጣ ነው። በልቼ ስጨርስ ለጀማል ነገርኩት። መንገድ ላይ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን በሰው ቤት ሁለተኛ ማዕድ በልቶ ዝም ማለት ከበደኝ።

ጀማል አላቋረጠኝም። ስጨርስ «ዜሮ ማለት ትንሽ ማለት ነው ወይስ ምንም ማለት?» አለኝ።

«ምንም ማለት ነው።»

«ሠራተኞቹ ከእኔ ከሚሰሙት ካንተ ይስሙት። እኔ ስዋሽ ያውቁብኛል።»

ፋብሪካው ከሐዲዱ አጠገብ ነው። ማሞቂያው ከቀዘቀዘ ወራት አልፈዋል። ቢሆንም ሠራተኛው በየጠዋቱ መጥቶ ፈርሞ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ወለሉ ተጠርጓል፣ የማይሠሩት ማሽኖች ተወልውለዋል። ጀማል እዚያ መካከል አቁሞኝ «ጓዶች፣ የአዲስ አበባው እንግዳ የሚነግራችሁ አለ» አለና ትቶኝ ከእነሱ ጋር ተቀመጠ።

እንዴት እንደ ነገርኳቸው አላስታውስም። መርከቡን፣ ምንዛሪውን፣ ሦስቱን ፋብሪካ በተቻለኝ መጠን በቀላል አማርኛ አስረዳሁ። አንድ የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ተነሣች፤ ዘይነብ ትባላለች።

«እንደው ለመጠየቅ ያህል ነው» አለች። «እኔ በዚያ ስሌት ውስጥ አለሁ?»

«የሥራ ሰዓትሽ አለ» አልኳት።

«ሰዓቴ ብቻ?»

«ሰዓትሽ ብቻ።»

ራሷን ነቀነቀችና ተቀመጠች። ከኋላ አንድ ሰው ለጎረቤቱ በኦሮምኛ ተረጎመለት፤ እሱ ደግሞ በሶማልኛ ለቀጣዩ። ዜሮ በሦስት ቋንቋ ሲዞር ሰማሁት። የጮኸም የተቆጣም አልነበረም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጀማል ቀፊራ ገበያ ወሰደኝ። በርበሬና ማሽላ፣ ሎሚ፣ ከሐረር የወረደ ጊሽጣ ሞልቷል። ሳሙና ተራ ይባል በነበረው ቦታ ግን ሴቶች እንዶድ ዘርግተው ይሸጣሉ። አንዲቱ ብቻ በዘይት ወረቀት ጠቅልላ ሳሙና ይዛለች፤ በቢላ እየቆረጠች፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቁራሽ ትሸጣለች። ጀማል አንዷን ቁራሽ አንሥቶ አሸተታት።

«የኛ ናት» አለ። «የድሮ።»

ማታ ከጅቡቲ ስልክ ተደወለ። ፉርጎው ከተነሣ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ የድንበሩን ጣቢያ ደወሌን አልፏል።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ጣቢያው ላይ ጠበቅነው። የዕቃ ባቡሩ ገባ፤ የእኛ ፉርጎ ግን ከውስጡ የለም። ጀማል አብሮ አደጉን አገኘ፤ ሮብሌ የሚባል የባቡር ነጂ ነው። ሁለቱ በሶማልኛ ሲነጋገሩ የጀማል ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ከዚያ ሮብሌ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ደገመልኝ።

«ዕቃህ መጥቷል። ትናንት ማታ ነው የገባው። ፉርጎው ግን ለሌላ ጭነት ተፈለገ፤ ካሁን አሁን ይራገፋል ሲባል ከሌላ ባቡር ጋር ተቀጥሎ አለፈ። እዚህ ቅርብ መልካ ጀብዱ ጋ በርሜሉን አራግፈው ፉርጎውን ይዘው ሄዱ።»

«ትናንት ማታ ነው ድሬ የደረሰው? እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ሌላው ነገር ሁሉ ከጆሮዬ ጠፋ። ከጅቡቲ ድሬዳዋ በሁለት ቀን! ሞዴሉ ውስጥ የተጻፈው ሁለት ወር ነበር። ከአዲስ አበባ ከተነሣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለል አለኝ። ጀማልን ትከሻውን ያዝኩት፤ እሱ ግን የሚያስበው በርሜሎቹን ነው።

የሰው መኪና ለምነን መልካ ጀብዱ ሄድን። በርሜሎቹ ከሐዲዱ ዳር፣ ከግራር በታች፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጥለዋል። ክዳናቸው የተከፈተ፣ ጎናቸው የተሰነጠቀ ብዙ ነበሩ። ኮስቲክ ሶዳ እርጥበት ካገኘ ይቀልጣል። ከበርሜሎቹ ሥር ውሃ የመሰለ ነገር ኩሬ ሠርቶ ነበር። እኔ ደህናዎቹን ልለይ ዞር ዞር ስል ረገጥኩት። ጫማዬ ሶሉ ተበስቶ ነበር፤ እርጥበቱ ሲሰማኝ ምንም አልመሰለኝም። ትንሽ ቆይቶ ሶዳው ይበላኝ ጀመር፤ እግሬ እሳት ላይ የቆመ ያህል ሆነ።

ጀማል ጫማዬን ከነካልሲው ቀዶ አወጣና «ውሃ!» ብሎ ጮኸ። የመኪናው ጀሪካን ባዶ ነበር። በዚያ በረሃ ውሃ ከየት ይመጣል? በመንገዱ ላይ ግን አንዲት ሴት አህያዋን እየነዳች ታልፍ ነበር፤ አህያዋ ጀሪካን ተጭኗል። ጀማል በኦሮምኛ ተጣራ። ሴትዮዋ እግሬን አየች፣ አንደኛውን ጀሪካን አወረደችና አፈሰሰችበት። አለቀ። ሁለተኛውን አወረደች። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም። «ይበቃል» ስላት ጀማል «አይበቃም፣ ብዙ ነው የሚፈልገው» ብሎ ተረጎመላት፤ እሷም ማፍሰሷን ቀጠለች።

ጠዋት ወጥታ የቀዳችው የቤቷ ውሃ ነበር። ልንከፍላት ስንል ፊቷን አዞረች። ባዶ ጀሪካኖቿን መልሳ ጭና አህያዋን ወደ መጣችበት፣ ወደ ጉድጓዱ መለሰች። ስሟን አልጠየቅናትም።

አራተኛው ቀን

እግሬ ተጠቅልሎ የሐሊማ በረንዳ ላይ ዋልኩ። ሐኪሙ አጥንት አልነካም ብሏል። ሐሊማ የጀማልን ሽርጥ አምጥታ «ሱሪው ያምሃል፣ ይሄን ልበስ» አለችኝና እንዴት እንደሚታሰር በርቀት በእጇ አሳየችኝ። ሦስት ጊዜ ተፈታብኝ፤ በመጨረሻ ጎረቤት ጠርታ አሳሰረችልኝ። እናቴ ብታየኝ ኖሮ ልጇን አታውቀውም ነበር።

ሠራተኞቹ በጋሪ በርሜል ሲያመላልሱ ዋሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ከጭነቱ ግማሽ ያህሉ ተርፏል። ጀማል በሞራው ፋንታ እጅ ላይ የቀረውን የጥጥ ፍሬ ዘይት አሰባስቦ ማሞቂያውን አስለኮሰ። ወደ ማታ እኔንም በጋሪ ወሰዱኝ። ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ግቢውን ሞልቶታል፣ ይሸታል፤ ሰዎቹ ግን ወደ ሽታው እየተጠጉ ይቆማሉ። ዘይነብ ነጭ ጨርቅ ራሷ ላይ አስራ የማሸጊያ ጠረጴዛዋን ትወለውላለች።

ጀማል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «የሚወጣው አንድ ዙር ነው» አለኝ። «ከዚያ ዘይቱም ሶዳውም ያልቃል። አውቃለሁ። ግን ፋብሪካው እንደሚሠራ አይተህ ሂድ።»

«ቁጥሩን አስቀይራለሁ» አልኩት። ስለው ከልቤ ነበር።

«ኢንሻአላህ» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ካልተቀየረስ የት ይወስዱናል?» አለ።

አላውቅም አልኩት።

አምስተኛው ቀን

ሐሊማ ጊሽጣና ሎሚ በዘንቢል፣ ጀማል ከአዲሱ ምርት ሁለት ሳሙና ለናሙና ሰጡኝ። ሮብሌ ራሱ የሚነዳው ባቡር ነበርና እግሬን የምዘረጋበት ወንበር አስለቀቀልኝ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጀማል እጁን አላውለበለበም፤ ቆሞ ብቻ አየኝ።

አዋሽ ላይ ፈታሾች ገቡ። ዘንቢሌን ገለበጡና ሳሙናዎቹን አገኙ።

«ኮንትሮባንድ ነው» አለ አንደኛው።

«የአገር ውስጥ ነው፣ ትናንት ድሬዳዋ የተሠራ ነው» አልኩት። መታወቂያዬን አሳየሁት።

«ወንድሜ፣ የአገር ውስጥ ሳሙና ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ። እያሾፈ አልነበረም። እኔ መንግሥት የላከኝ የሳሙና ዕቅድ ባለሙያ ነኝ፤ በአገሬ ሳሙና መኖሩን ግን ላሳምነው አልቻልኩም። ሁለቱንም ወሰዳቸው።

አዲስ አበባ በዝናብ ተቀበለችኝ። ብርዱ አጥንቴ ገባ፤ አምስት ቀን ስረግመው የከረምኩት ሙቀት ናፈቀኝ።

ከተመለስኩ በኋላ

በማግስቱ እያነከስኩ ቢሮ ገባሁ። ጓድ ግርማ እግሬን አይተው ወንበር ሳቡልኝ፤ የነገርኳቸውን ሁሉ ሰሙ፤ ወደ ጅቡቲ ስልክ አስደውለው ፉርጎው የተነሣበትን ቀን አረጋገጡ። «ቀይረው» አሉኝ። እንደ ቃላቸው ነበሩ፤ ይህንን ልመሰክርላቸው ይገባል። ሞዴሉ በአዲሱ ቁጥር እንደገና ተሰላ። ድሬዳዋ ለጅቡቲ ወደብ ከሁሉም ቅርብ ናት፣ ስለዚህ ከሦስቱ ፋብሪካዎች ብዙውን ድርሻ የያዘችው እሷ ሆነች። ውጤቱን ይዤ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ወደ ጓድ ግርማ ክፍል ሄድኩ።

ጓድ ግርማ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «አሁን ነው የተነገረኝ። በዚህ ዓመት ለሳሙና የሚሆን ምንዛሪ የለም። ሌላ ቦታ ተፈልጓል። ለማንኛውም ፋብሪካ የለም።»

ሞዴሉ ውስጥ አንድ መስመር አለ፤ በጠቅላላ የሚከፋፈለው ሶዳ መጠን የሚጻፍበት ነው። እዚያ ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ ሆነ ማለት ነው። ድሬዳዋ አንደኛ ሆና ከዜሮ ላይ ትልቁን ድርሻ ታገኛለች። የያዝኩትን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት። አላነሡትም፤ እኔም አልወሰድኩትም።

ለጀማል የመንገር ፋንታ የእኔ ነበር። ቴሌ ሄጄ ተራ ጠብቄ ደወልኩ። መስመሩ ላይ የፋብሪካው ዝምታ ይሰማል፤ አንድ ዙሩ አልቋል።

«ደረጀ! እግርህ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው። ጀማል፣ ሞዴሉ እንደገና ተሠራ።»

«እሺ?»

«ከሦስቱም እናንተን መረጠ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ ለአፍታ የሚያለቅስ መሰለኝ። ከዚያ ሌላውን ነገርኩት። ምንዛሪ የለም፣ መርከቡ አይመጣም፣ ለማንም አይደርስም።

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ፣ አለሁ» አለኝ። «ቢሆንም መርጦናል አይደል?»

«አዎ፣ መርጧችኋል።»

«እንግዲህ ዛሬ ለሠራተኞቹ ይህንን እነግራቸዋለሁ። ይደሰቱበት። ሌላውን ነገ እነግራቸዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋ።